ካራና ጂን ያለበት ወተት

ትናንት ጠዋት ቤታችን በአልመንድ ሚልክ ምክንያት ሊፈርስ ነበር...

እትዬ ዘነቡ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ጾም ላይ ናቸው። የስኳር መድኃኒታቸውን በባዶ ሆዳቸው መዋጥ ስለማይችሉ ጠዋት ጠዋት ይሄንን ከለውዝ የሚሠራ የጾም ወተት እሰጣቸዋለሁ። ትናንት ልጄ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «ካራጂናን» የሚለው ላይ ስትደርስ አስቆሟት።

«ካራም አለው፣ ጂንም አለው... ይሄን ነው ስታጠጣኝ የከረምከው?»

ሙሉውን ሲንክ ውስጥ ደፉት። መድኃኒቱንም አልውጥም ብለው ቁጭ።

ሥራ ስለነበረብኝ እየተብሰከሰክሁ ወጣሁ። እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ ያለ የአንድ ሆቴል ሻትል ነው የምነዳው። ከኤርፖርት ያነሳኋት እንግዳ ፋጡማ ትባላለች፤ ከዛንዚባር ነው የመጣችው። ናይሮቢ ስኖር በለቀምኳት ስዋሂሊ ሥራዋን ጠየቅኳት። የባሕር አረም ገበሬ ነኝ አለችኝ።

ባሕሩ ሲሸሽ ገብተው ችካል ይተክላሉ፣ ገመድ ይወጥራሉ፣ ቡቃያውን ገመዱ ላይ ያስራሉ... ሲደርስ አድርቀው ለነጋዴ ይሸጣሉ። መንደሯ ውስጥ የጀመሩት ሴቶቹ ናቸው። ባሏ መጀመሪያ ይስቅባት ነበር፤ ቤታቸው ቆርቆሮ ሲለብስ ሳቁን አቆመ። አሁን ግን ባሕሩ እየሞቀ ሰብሉ እየበሰበሰባቸው ነው። እዚህ ስለ ባሕር በሚደረግ ስብሰባ ላይ ይሄንኑ እንድትናገር ነው የጠሯት።

ደረቁን ምን ያደርጉታል አልኳት።

«ፋብሪካ ፈጭቶ ካራጂናን ያደርገዋል። እናንተ ወተት ውስጥ ትጨምሩታላችሁ።»

ከፊቴ ያለውን መኪና ልገጨው ምንም አልቀረኝም።

ሆቴሉ በር ላይ አቁሜ እትዬን ኮል አደረግኳቸውና ስፒከር ላይ አደረግኳቸው። የባሕር ቅጠል ነው፣ ገበሬዋ ይችውና አጠገቤ አለች አልኳቸው። አንድ ነገር ብቻ አስጠየቁኝ።

«ዓሣ ይነካዋል?»

ፋጡማ መዋሸት አታውቅበትም። «ዓሣው እኮ ነው እየበላ የጨረሰብን» አለች።

በቃ አለቀልን ብዬ እንዳለ ተረጎምኩት።

«እንግዲያው ቅጠል ነው» አሉ እትዬ። «ዓሣ ጂን አይበላም።» ሌላ ካርቶን ገዝቼ እንድመጣ፣ ፋጡማንም ለራት ይዣት እንድመጣ አዘዙኝ።

ማታ እትዬ መድኃኒታቸውን ዋጡ፤ ለፋጡማም በብርጭቆ ቀዱላት። ለካ አረሙን ስታመርት ኖራ የሚገባበትን ወተት አንድ ቀንም ቀምሳ አታውቅም። አንዴ ጎንጨት አለችና ፊቷ ተጨማደደ።

«ወገቤን ያጣሁት ለዚህ ነው?»

ዛሬ ስብሰባው ላይ ስለ ባሕሩ ሙቀት ብቻ እንድትናገር ለመንኳት።