ሁለት አውራ ጣት ያለው ጓንት

ሃልቤራ ልብሷን የምትመርጠው በጉንጯ ነበር።

ሌሎቹ ቀዛፊዎች ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ። በድንጋይና በሣር በተሠራችው ጠባብ ጎጆ ውስጥ፣ በዓሣ ጉበት ዘይት እየነደደ በሚያጨሰው ኩራዝ ዙሪያ እየተጋፉ፣ ልብሳቸውን በእጃቸው ይዳብሳሉ፤ ደርቋል፣ አልደረቀም ይባባላሉ። እሷ ጥግ ይዛ የሱፍ ካልሲዋን ጉንጯ ላይ ታስጠጋለች። ሹራቡን በከንፈሯ ትነካዋለች። እርጥበት ካለው ያኔ ታውቀዋለች። ባርዲ የሚባለው ቀልደኛ ቀዛፊ፣ ባሏ የሞተባት ሴት መጨረሻዋ ሹራብ መሳም ነው እያለ ይተርባት ነበር። እሷም ያንተን ጢም ከምስም የበግ ፀጉር ይሻለኛል ትለውና ጎጆዋ በሳቅ ትሞላለች።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ የሃልቤራ ጣቶች መስማት ትተዋል። ይይዛሉ፣ ይጎትታሉ፣ ይቀዝፋሉ፤ ብርዱንም ሙቀቱንም ግን አይለዩም። ሆድ ይፍጀው ብላ ለማንም አልተናገረችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ መድኃኒት የሌለውን በሽታ የያዘ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ተረቱ አይነግረንም።

ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ፣ ብርዱ ሲከፋና ዓሣው ወደ ምዕራብ አይስላንድ ዳርቻ ሲጠጋ፣ አንድም ክረምት ከጀልባ ቀርታ አታውቅም። በጋውን በሰው እርሻ ላይ የሰው በግ ታልባለች፣ የሰው ልብስ ታጥባለች፣ ከሁሉም በኋላ ትበላለች። ክረምት ሲመጣ ግን በዘይት የታሸ የቆዳ ሱሪዋን ታጠልቅና ሰው ትሆናለች። ድርሻዋ ከወንዶቹ እኩል ነው። ማዕበል ሲነሳ ከኋላዋ የተቀመጡት የእሷን ጀርባ እያዩ ይቀዝፋሉ። የጀልባው አለቃ ኦርሙር የእጇን ነገር ከደረሰበት በየብስ ያስቀራታል፤ ደግሞም ልክ ነው። የያዘችውን የማይሰማት ቀዛፊ ለሌሎቹ ስድስት ነፍስ አደጋ ናት። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷው ራሷ ናት፤ እንቅልፍ የሚነሳትም ይኸው ነበር።

እንቅልፍ ሲወስዳትም ሕልም ነው። በዚያ ሰሞን የሞተች እናቷ በሕልሟ መጣች። ሃልቤራን እንደ ልጅነቷ ከእግሯ ጀምራ አለበሰቻት፤ ካልሲውን፣ ሱሪውን፣ ሹራቡን። እጇ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። የሃልቤራን እጅ ይዛ ገለበጠች፣ መዳፏን ትክ ብላ አየች፣ ከዚያም በጭጋግ ውስጥ ሄደች። ሃልቤራ ስትነቃ የእናቷ እጅ ሙቀት አብሯት የነቃ መሰላት። ሰዎቹ ሕልሟን ሲሰሙ ደስ አላቸው። የተዘረጋ መዳፍ ዓሣ ነው፣ ዛሬ ጀልባው ይሞላል አሉ።

እሷ በዚያ ሙቀት ውስጥ እንደዋኘች ለበሰች። ካልሲውንና ሹራቡን በጉንጯ መረመረች። ጓንቷን ግን ሳትመረምር አጠለቀችው።

የዚያ አገር የዓሣ አጥማጅ ጓንት ሁለት አውራ ጣት አለው፤ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ። መቅዘፊያው መዳፉን በልቶ ሲቀደው ይገለብጡትና በጤነኛው ፊት ያጠልቁታል። ጠዋት ወደ ውኃው ሲወርዱ ደግሞ ከነእጃቸው ባሕሩ ውስጥ ይነክሩታል፤ የረጠበ ሱፍ ጥቅጥቅ ብሎ ነፋስ አያሳልፍም። ያች የመጀመሪያ ቅዝቃዜ አጥንት ትሰብራለችና ሁሉም ይጮኻል፣ ይራገማል። ሃልቤራ ክረምቱን ሙሉ ከሁሉም አስቀድማ የምትጮኸው ሰው እንዳያውቅባት ነበር። ያን ቀን ሐሳቧ ከእናቷ ጋር ነበርና ነክራ አወጣችው፣ ጨመቀችው፣ ዝም አለች። ኦርሙር ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እንደ ደንቡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጸለዩና ጀልባይቱን ገፉ።

ባሕሩ ወተት መስሎ ተኝቷል። ከዋክብቱ አንድ በአንድ ጠፉ፣ ተራሮቹ ከጭጋጉ በላይ ተንሳፈፉ። ሃልቤራ እየቀዘፈች ቀኑን ሙሉ የእናቷን እጅ አሰበች፤ ዓሣውም እንደ ሕልሙ ፍቺ ሞላ።

ሲመለሱ፣ ሌሎቹ ዓሣውን ወደ ዳር ሲያጓጉዙ፣ ኦርሙር የእሷን መቅዘፊያ አነሳ። እጀታው ደም ነበር።

«ሃልቤራዬ፣ እጅሽን አሳዪኝ» አላት። በተቀደደው ፊት ያጠለቀችው ጓንት ከመዳፏ ላይ ለሁለት ተከፍቷል፤ ቆዳዋ ተልጦ እንጨቱን ሲጨብጥ ውሏል። እሷም ያየችው ገና ያኔ ነው።

ኦርሙርን ጓንት መንከር ያስተማረችው እሷ ነበረች፤ በመጀመሪያ ክረምቱ ሲያለቅስ አፍንጫውን የጠረገችለትም እሷ። ስለዚህ ሳይቆጣ ጓንቱን አወለቀላት።

«ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈነች።

«መዳፍሽ ላይ ምን አለ?»

ጠበቀች። ድንጋይ ይሆን? በረዶ? የዓሣ አጥንት? ምንም አልመጣላትም። ብልጥ ልሁን ብላ «እኔን ልታሞኝ? ምንም አላስቀመጥክም» አለችው።

ዓይኗን ገለጠች። ኦርሙር እጇን በባዶ እጁ ጭምቅ አድርጎ ይዟታል።

«እንግዲህ ሕልሙ የዓሣ አልነበረም» አላት። እሷም አልተከራከረችውም።

በማግስቱ ቦታዋን ግሮዋ የምትባል፣ ዳር ላይ ዓሣ ስታጥብ የከረመች ወጣት ሴት ያዘች። ሃልቤራ ልብሷን በጉንጯ እየመረመረች መረጠችላት። በመጨረሻም ለራሷ የሠራችውን አዲስ ጓንት ከሣጥኗ አወጣች፤ ሱፉ በባሕር ውኃ ገና አልተኮማተረምና እንደ ከረጢት ሰፊ ነው። ግሮዋ ሳቀች፣ ይሄ ለሁለት ሰው ይበቃል አለች።

«ባሕሩ ልክሽን ያውቃል» አለቻት ሃልቤራ። «አንድ ሳምንት ስጪው።»

ውኃው ዳር ድረስ ሸኘቻቸው። የቆዳ ሱሪዋን ለብሳ ነበር፤ ለምን እንደለበሰችው ማንም አልጠየቃት። ግሮዋ ጎንበስ ብላ እጆቿን ባሕሩ ውስጥ ነከረችና «እናቴ!» ብላ ጮኸች። ወንዶቹ ሳቁባት። ሃልቤራም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ድንጋዮቹ አዞረች። በሕይወቷ በማንም ቀንታ አታውቅም ነበር፤ ያን ጠዋት በዚያች ጩኸት ቀናች።