በስልክ መስመር የመጣው ዋልያ

ትናንት ልጄ ስልኳን ይዛ ገጹ አልከፈት ብሏት ስትነጫነጭ፣ ከላይ ግማሹ ወጥቶ ከታች ነጭ ሆኖ የቀረውን ፎቶ አየሁና ወንፊቱን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ደባርቅ በአንድ ቢሮ ጸሐፊ ነበር። ቢሮው አንድ ያረጀ ኮምፒውተርና አንድ የስልክ መስመር ነበረው፤ ኃላፊው ቅዳሜ ጠዋት ለግማሽ ሰዓት እንዲጠቀም ፈቅደውለታል። በኮምፒውተሩ ላይ የውይይት ቡድን መልእክት ብቻ የሚያነብ ፕሮግራም ነበረ፤ ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው። አባቴ መስመሩን ያገናኛል፣ አዲሱ መልእክት ሁሉ በሁለት ደቂቃ ተጠራርጎ ይገባል፣ መስመሩን ይዘጋል፤ ከዚያ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል።

የሚያነበው ለታናሽ እህቴ ለየሺ ነበር። የሺ በስምንት ዓመቷ ልቧን ታማ በየወሩ መርፌ ትወጋ ነበር። አባቴ ሐኪሞች በሚጽፉበት ቡድን ይጠይቃል፤ እነሱም፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ከማናውቀው አገር ሆነው ሳይሰለቹ ይመልሳሉ። ክረምት ሲገባ እግሯ አበጠ። እናቴ "ጎንደር እንውሰዳት" አለች። አባቴ ጥያቄውን ልኮ ስለነበር "እስከ ቅዳሜ መልሱን እንይ" አላት።

በዚያው ሳምንት ታላቅ ወንድሜ ጌትነት ብሮውዘር የሚባለውን፣ ገጽ ከነሥዕሉ የሚከፍተውን ፕሮግራም በሲዲ ይዞ ከጎንደር ኮሌጅ መጣ።

"አባዬ፣ ይኼ እኮ ሁሉንም ይሠራል። ያንተ አሮጌ ምን ያደርግልሃል?"

"እኔን አልበደለኝም።"

"ቦታ ይዟል። ሁለቱ አብረው አይገቡም።"

አሮጌውን አጠፋው።

ቅዳሜ አባቴ፣ ጌትነትና እኔ ቢሮ ገባን። "ወንድም ጋሼ፣ መጀመሪያ ሥዕል አሳየኝ" ብዬ ለመንኩት። የኛኑ ተራራ ዋልያ ከፈተልኝ። መጀመሪያ ሰማዩ፣ ቀጥሎ ቀንዱ፣ እንደ ጥለት ክር በክር እየሆነ ከላይ ወደ ታች መጣ፤ ዋልያው ካለበት ከተራራው፣ ሳንቃ በር ድረስ፣ በእግሬ ሄጄ ባየው ይፈጥን ነበር።

"መልሱስ?" አለ አባቴ ከኋላችን ቆሞ።

"አሁን አባዬ፣ እግሩ ብቻ ነው የቀረው።"

አባቴም ጎንበስ ብሎ አየና ፈገግ አለ። የዋልያው እግር ሳይመጣ ዝናቡ በረታ፣ መስመሩም ተቋረጠ። ብሮውዘሩ ያለ መስመር ባዶ ነጭ ገጽ ነው። በማግስቱም፣ ሰኞም፣ ከዚያ ወዲህም መስመር አልነበረም። አባቴ መልሱን እየጠበቀ፣ እናቴ እየለመነችው፣ የሺ ሐሙስ ዐረፈች።

ጌትነት ጎንደር ሲመለስ መልሱን አግኝቶ በእጁ ገልብጦ ላከው። የተጻፈው ከዚያ ቅዳሜ በፊት፣ ረቡዕ ነው። "አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷት" ይላል።

ጌትነት ለአርባዋ ሲመጣ እናቴ "መስመር በነበረበት ሰዓት ምን ስታዩ ነበር?" ብላ ጠየቀችው።

"ሥዕል። አምሮኝ እኔ ነኝ የከፈትኩት" አላት።

አባቴ ወደ እኔ ተመለከተ፤ ምንም አልተናገረም። እኔም ዝም አልኩ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሦስት ጤነኛ ልጆች ሰጥቶኛል። የሺ ብትኖር ዛሬ የልጆች እናት ነበረች። ጌትነት አሁን ዳባት ያስተምራል። በየዓመቱ ለየሺ መታሰቢያ ሲመጣ እናቴ ሌላውን ሁሉ አገላብጣ ስትስም ለእሱ እጇን ብቻ ትሰጠው ነበር፤ እሱም ጨብጧት በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ልነግራት ስንት ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ ሳልነግራት ተነሣሁ። ዓምና ቀበርናት።