ተው ባይ ያጣ ሐውልት

በ2020 እ.ኤ.አ. በኮቪድ የተነሳ የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ሲዘጉ የእንግዶችን መኪና ፓርክ የማደርግበት ሥራዬ አብሮ ተዘጋ። መልሰው ሲከፍቱም እኔን አልጠሩኝም። ባለቤቴ ግን በሆስፒታል የነርስ ረዳት ስለሆነች ሥራዋ በዛባት። እሷ ሺፍት ስትገባ፣ እኔ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ባለችው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማችን ከዘጠኝ ዓመት ልጃችን ጋር እውላለሁ። ትምህርቷ በላፕቶፕ ነበር።

አንድ ቀን አስተማሪዋ የሐውልት ተረት አስነበበቻቸው። ከተማ መሃል ከፍ ብሎ የቆመ፣ ገላው በወርቅ የተለበጠ፣ ዓይኖቹ የከበረ ድንጋይ የሆኑ ሐውልት ነው። ችግረኛ ባየ ቁጥር ጌጡን እየነቀለ በአንዲት ወፍ ይልካል።

«ዳዲ፣ ዓይኑንም ሰጠ!» አለችኝ ልጄ።

«ለማን?»

«በጣም ለበረደው ሰው። አሁን ማየት አይችልም።» ተናደደች። «ለምን ሰዎቹ ስቶፕ አላሉትም?»

«ደግ ስለሆነ ነዋ» አልኳት። መልሱ ለራሴም አልጣመኝም።

ባለቤቴ በዚያ ሳምንት አንድም ቀን አላረፈችም ነበር። «ዛሬ እንኳ ቅሪ» አልኳት ጠዋት በር ላይ።

«በሽተኞቹ ጋ ማን ይገባል? ቤተሰብ እንዳይገባ ተከልክሏል። ትናንት አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው አልለቅም አሉኝ።»

«እኛስ?»

«እናንተማ እርስ በርሳችሁ አላችሁ» ብላ ወጣች።

በእሷ የኦቨርታይም ደመወዝ እየበላሁ «ተይ» የምልበት አፍ ከየት ላምጣ?

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስትመለስ እንደ ወትሮዋ ወደ ሻወር አልሄደችም። ቀጥ ብላ መኝታ ቤት ገባችና ቆለፈች። «ትኩሳት አለኝ። ልጅቷን ወደዚህ እንዳታስጠጋት» አለችኝ ከውስጥ። ስትመረመር ኮቪድ ሆኖ ተገኘ።

ሾርባ በር ላይ አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ እርቃለሁ። ተመልሼ ሳየው ሾርባው እንዳለ ቀዝቅዟል። ፓስተራችን በስልክ ሲጸልዩላት ስልኩን በሩ ላይ ደግፌ ያዝኩት። ከዚያ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ስታስል እጨነቃለሁ፤ ሳሉ ጸጥ ሲል ደግሞ ይብስብኛል።

«አለሽ?» እላለሁ።

«አለሁ።»

በአራተኛው ቀን ልጄ ማስክ አድርጋ፣ ላፕቶፗን ይዛ ከበሩ ራቅ ብላ ተቀመጠች። «ማሚ፣ ስቶሪ ላንብብልሽ» አለችና በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀመረች። ሐውልቱ ዓይኑን አጥቶ ክረምቱ የሚገባበት ጋ ስትደርስ ላፕቶፑን ጥርቅም አደረገችው።

«ቀጥይ እንጂ» አልኳት።

«ኖ። አልጨርሰውም።»

«አስተማሪሽ ነገ ትጠይቅሻለች።»

«ትጠይቀኝ።»

ባለቤቴ ከውስጥ፣ በሳል መሃል፣ «ተዋት። ተራቁቶ የሚፈርስበትን መጨረሻ እኔም አልፈልገውም» አለች።

ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማሚ፣ አንቺም ስቶፕ በይ፣ እሺ?» አለቻት።



ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ለቀቃት። ደረጃችንን ስትወጣ ግን መሃል ላይ ቁጭ ብላ ታርፋለች፤ የምግብ ሽታም አይሸታትም ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለች ከሥራ ተደወለ። ሰው አጥሯቸዋል።

«እመጣለሁ» ስትል ሰማኋት።

«ገና አልዳንሽም እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ ዩኒፎርሟን እየፈለገች።

መሪ ለመያዝ አቅም ስላልነበራት ሆስፒታሏ እስካለበት ሜዲካል ዲስትሪክት ድረስ እኔው ነዳሁላት። ልጃችን ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። ባለቤቴ የሠራተኛ መግቢያው በር ላይ ወረደች። ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆመች፤ ማስኳን አስተካከለችና ገባች።

«ዳዲ፣» አለችኝ ልጄ፣ «አንተ ለምን አመጣሃት?»

ከኋላዬ የቆመው መኪና ጡሩምባ ሲነፋብኝ ማርሽ አስገብቼ ነዳሁ።