ጠመንጃውን ደብቄዋለሁ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። ሚስቴም ሳታውቀው ሞተች። ሰይድን ያስገደልሁት እኔ ነኝ።

ሰይድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ዔደን ሱቅ ውስጥ ሲሠራ እንግሊዝኛ ለምዷል። እኔ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ለጣልያኖች አስተርጓሚ ነበርሁ። አስተምረኝ ብዬ ብጠይቀው እሺ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ሮቢ ወንዝ ዳር ቁርቁራ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። እኔ ግሱን እንደ አማርኛችን መጨረሻ ላይ ስወረውር ይስቃል። «መጀመሪያ ማን፣ ከዚያ ምን አደረገ፣ ከዚያ ምንን» ይለኛል። «በላሁ» እና «በልቻለሁ» በእንግሊዝኛም እንደሚለያዩ ያስረዳኛል። በአማርኛ የምሰጠውን እየተረጎመ በደብተሩ ይጽፍልኛል። አንድ ቀን «ጠመንጃውን ደብቄዋለሁ» የሚል ሰጠሁት። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው፤ ያን ጊዜ ተንኮል አልነበረኝም። «አይ ሃቭ ሂድን ዘ ጋን» ብሎ ጻፈው።

ከዚያ በኋላ ጀውሃ ገበያ ላይ በሰው ፊት የእንግሊዝኛ አነጋገሬን አስመስሎ አሳቀብኝ። በደሉ ይኸው ሳቅ ነው፤ ሌላ አልበደለኝም። እኔ ግን ቂም ያዝሁ።

ጣርማ በር መንገድ ላይ የጣልያን መኪና ተተኮሰበትና የነጋዴዎች ቤት መፈተሽ ጀመረ። ሰይድ ቤት ደብተሩ ተገኘ። ለማስተርጎም አብሬያቸው ነበርሁና የጣልያኑ ሻምበል «ምን ይላል?» አለኝ። ብዙው መስመር ላሟ ውኃ ጠጥታለች ይላል፣ እናቴ መጥታለች ይላል። ያንን ባነብለት ደብተሩን ጥሎ ይሄድ አልነበረም? እኔ ጣቴን በአንዷ መስመር ላይ አሳረፍሁ። «ጠመንጃውን ደብቄዋለሁ ይላል» አልሁት።

ሰይድ ጣልያንኛ አይሰማም፤ ጣቴ የት እንዳረፈ ግን አየ።

«ተክሌ፣ ኧረ በአላህ! አንተው የሰጠኸኝ ነው፤ ንገራቸው እንጂ!»

ሻምበሉ ምን እንዳለ ጠየቀኝ።

«የት እንዳለ አልናገርም ነው የሚለው» አልሁ።

ፈርቼ ነው? ማንም አላስፈራራኝም። ወለሉን ቆፍረው ምንም አላገኙም። እየገረፉ ጠየቁት፤ እሱ ስሜን እየጠራ ለመነኝ፤ እኔ «አልናገርም ይላል» እያልሁ ተረጎምሁ። ደም ሲተፋ እንኳ አላቆምሁም። እውነቱን ልናገር፦ ደስ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ መንገድ ዳር ሰቀሉት።

ሚስቱ ዘይነባ ያን ቀን ደብረ ሲና ነበረች። ስትመለስ ቤቴ ድረስ መጣች።

«ጋሼ ተክሌ፣ አንቱ አጠገቡ ነበሩ አሉ። ሲጠይቁት ምን አለ?»

«አልናገርም አለ፤ ወንድ ነው» አልኋት።

ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ «አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎ» ብላ መረቀችኝ።

ጣልያን ከወጣ ብዙ ዘመን ሆነ። ዘይነባ ዛሬም አለች፤ ባገኘችኝ ቁጥር ትመርቀኛለች፤ እኔም አሜን እላለሁ። ይቅርታ የምጠይቀው እሷን እንጂ እናንተን አይደለም። እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም፤ ነገም የምጠይቃት አይመስለኝም።