የፈን ቅያስ መዓዛ

በቤጂንግ አሮጌ ከተማ፣ ከከበሮው ማማ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ብስክሌት መግፋት የማይችልበት ቅያስ አለ። ስሙ ፈን ነው። ፈን ሲሉ ድምፅዎን እንደ ዋሽንት የመጀመሪያ እስትንፋስ ቀጥ አድርገው ከያዙት መዓዛ ማለት ነው። ከአፍዎ ሲወጣ ወደ ታች ጣል ካደረጉት ግን ዓይነ ምድር ይሆናል። ፊደሉም ለየቅል ነው። በቅያሱ አፍ በተሰቀለው ቆርቆሮ ላይ የሚነበበው የመዓዛው ፊደል ነው፤ አንድ የድሮ ሹም አፍሮ ያስለወጠው። እዚያ ተወልደው እዚያ ያረጁት ሰዎች ምላስ ግን ቆርቆሮ አያነብም። ስሙ ላይ ሲደርስ ሳያስበው ጣል ያደርገዋል።

ሉዋን ሱፈን የዚህ ቅያስ ልጅ ናት፤ ሉዋን የቤተሰቡ ስም ነው። አባቷ ጋሽ ደሹን የቅያሱን ስም ከስሟ ጫፍ ሰፉላት፤ በመዓዛው ፊደል። እሳቸው ራሳቸው ዕድሜያቸውን የኖሩት በሌላኛው ነበር። አባታቸው ከሻንዶንግ ገጠር ይዘውት የመጡትን ሥራ ወረሱ፤ ረጅም የእንጨት በርሜል በጀርባቸው አዝለው፣ ከየጊቢው የመጸዳጃ ጉድጓድ በጭልፋ እየጨለፉ፣ ከተማው ሳይነቃ ጉዱን ሁሉ ከጉያው ያወጡለት ነበር። በቅያሱ መጨረሻ ያለው ሜዳ ማስጫው ነበር። እዚያ ደርቆ፣ ማዳበሪያ ሆኖ በጋሪ ወደ ገበሬው ይሄድ ነበር። የስሙ ምንጭ ይኸው ነው። ይህን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው አልነበረም፤ ለእንግዳ የሚናገረውም አልነበረም።

የሱፈንን ልጅነት አንድ ዜማ አበላሸባት። የትምህርት ቤት ልጆች የስሟን ጫፍ እየጣሉ ይዘፍኑባት ነበር፦

መጣች፣ መጣች፣ የነፈን፣
መስኮት ይዘጋ፣ አፍንጫ ይታፈን!

ዜማው ደስ ይል ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። ደስ የሚል ዜማ ሰው አይመርጥም፤ የተሰደበበትም ልብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሱፈን ዕቃ ስታጥብ ሳታስበው ራሷ ስታንጎራጉረው ትሰማና፣ ደንግጣ አፏን በእርጥብ እጇ ትይዛለች።

አድጋ የታሪክ መምህርት ሆነች። አገባች፣ ተፋታች፣ እናቷ ስትሞት አባቷ ዘንድ ተመለሰች። ሰው የት ነው የምትኖሪው ሲላት «ከበሮው ማማ አካባቢ» ትላለች እንጂ የቅያሱን ስም አትጠራም። ፀጉሯ ላይ የመጀመሪያው ሽበት ብቅ ሲል ግን አንድ ነገር አማራት። ለሁለተኛ ዲግሪ ተመዘገበች፤ ቅዳሜና እሁድ። የመመረቂያ ጽሑፏ ርእስ በአሮጌ ከተሞች ስላሉ የመንገድ ስሞችና ስለ ቅርስነታቸው ነበር።

ማንበብ ስትጀምር ፍቅር ያዛት። ስለ ሱዡ ቦዮች፣ ስለ ታይናን ቤተ መቅደሶች፣ ስለ ማካዎ አደባባዮች፣ በሆንግ ኮንግ ገበያ ስለሚወጣበትና ስለሚወረድበት የድንጋይ ደረጃ፤ ሰው እንዲህ ተቀምጦ፣ ለፈረሰ ግድግዳ እንዲህ አዝኖ ይጽፋል ብላ አስባ አታውቅም። ደረቅ ነው የሚባለው ጥናት ለእሷ እንጉርጉሮ ሆነባት። የግርጌ ማስታወሻው ሳይቀር ሆዷን ያባባዋል። የሞተ ሰው ስም፣ የጠፋ ሰፈር ስም፣ እዚያ ታች በትንንሽ ፊደል ተኮራምቶ ታገኘዋለች።

እንዲህ ስታነብ ነው የራሷ ቅያስ ብቅ ያለባት።

የመጀመሪያው ጽሑፍ የቆየ ነው። ጸሐፊው በሁለት መስመር ብቻ፣ የሻይ ነጋዴዎች ሻያቸውን በጃስሚን አበባ የሚያጥኑበት መጋዘን እዚያ ነበር ይባላል፣ የፈን ስምም ከዚያ መጣ ይባላል ብሎ አልፏል። ማን እንዳለው አልጻፈም። ቀጥሎ የመጣው አጥኚ ይህንኑ ወሰደ፤ አንዱን «ይባላል» ግን መንገድ ላይ ጣለው። ሦስተኛው ሁለተኛውን ጠቅሶ «እንደሚታወቀው» ብሎ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የመጡትማ ስለ «መዓዛማው የከተማ ትዝታ» ምዕራፍ ሙሉ አዜሙ። ሱፈን ጽሑፎቹን ጠረጴዛዋ ላይ በተራ አስቀምጣ፣ ያቺ አንዲት ቃል በወጥ ውስጥ እንዳለ ጨው ስትሟሟ አየች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይኸኔ እልል ይል ነበር። ጥናት ማለት ይህ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ማግኘት። እሷ ግን ቀዳዳው ውስጥ ስታይ የታያት የአባቷ ጀርባ ነው። እውነቱን ከጻፈች አማካሪዋ ይጠይቋታል፤ እንዴት አወቅሽ? ከየት ሰማሽ? የማን ልጅ ነሽ? ሰማንያ ገጽ ጽፋ ዞራ ዞራ እዚያው ዜማ ላይ ልትወድቅ ነው።

ስለዚህ ከቀደሙት ተርታ ተሰለፈች። እንዳይታወቅባትም ከሁሉም የበለጠ ጨመረች። እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «የአጥኚዋ አባት፣ የቅያሱ ነባር ነዋሪ፣ ስለ ጃስሚኑ ሽታ ከአባታቸው አንደበት መስማታቸውን አረጋግጠዋል።» ጽፋ ስትጨርስ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። አልሰረዘችውም።

አማካሪዋ ፕሮፌሰር ኒንግ፣ ስድሳን የተሻገሩ ቀልጣፋ ሴት፣ ዓረፍተ ነገሩን በጣም ወደዱት። «ከቀደሙት ሁሉ የጎደለው ይህ ነበር፤ የሰው አንደበት!» አሏት። ወረዳው በየቅያሱ አፍ የስሙን ታሪክ የሚያስረዳ ሰሌዳ ሊተክል ነበርና፣ እሳቸውም የኮሚቴው አባል ነበሩና፣ የአዛውንቱን ቃል ሰሌዳው ላይ ሊያሰፍሩት አሰቡ። ቅጠል በሚረግፍበት የበልግ ወቅት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሳይጠሩ፣ ሱፈን ቤት ከች አሉ።

ጋሽ ደሹን ለኑድላቸው ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ጎረቤታቸው እትዬ ሺንግ በራፉ ላይ የክረምት ጎመኗን እየደረደረች ነበር።

«ጋሽ ሉዋን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በምሳ ሰዓት መጣሁብዎ።»

«ምን ይቅርታ አለው፣ ይግቡ፣ ይግቡ! ሱፈን፣ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ፣ ሻይ አምጪ እንጂ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ እግርዎን ወደ አልጋው ሥር ይስደዱት።»

ፕሮፌሰሯ ተቀመጡ፤ ሻዩን ተቀበሉ። «ስለ አበባው ለልጅዎ የነገሯትን አነበብኩ። እንባዬ ነው የመጣው። እስቲ ከራስዎ አፍ ልስማው።»

«የቱን አበባ?»

«ጃስሚኑን ነዋ። አባትዎ ያሸቱት የነበረውን።»

ሱፈን የሻይ ማፍያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። እንደ እሷ ሆኖ ያየ ሰው ነው የዚያን እይታ ርዝመት የሚያውቀው። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ከዚያ ገባቸው፤ ከዚያ ዓይናቸውን ቀስ ብለው ከፊቷ ላይ አነሱላት፣ ሰው ልብሱን ሲቀይር በሩን እንደሚዘጉለት።

«ጃስሚን? በዚህ ቅያስ?» እትዬ ሺንግ ጎመን እንዳቀፈች ሳቋ አመለጣት። «ኧረ ጋሽ ሉዋን! ጉንፋን ይዞዎት ነበር ማለት ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ለትዳር የመጣሽ ሰው ስለዚህ ቅያስ ምን ታውቂያለሽ?»

«ያሸተትኩትን ነዋ!»

«ሂጂ ጎመንሽን ደርድሪ!» አሏት። ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ቁጣ ሰምታ አታውቅምና ጎመኗን አቅፋ ዞር አለች።

ጋሽ ደሹን ሻይ የያዘውን ብርጭቆ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። የእኛ የቤጂንግ ሰዎች ሻይ መቼም ጃስሚን አያጣውም። «አባቴ ይሉ ነበር» አሉ፣ ቃሉን ከብርጭቆው ላይ እየለቀሙ። «ጠዋት ጠዋት፣ ነፋሱ ከወዲያ ሲመጣ፣ አበባ አበባ ይሸተናል ይሉ ነበር። እኛ... የሻይ ሰዎች ነን። አባቴም ሻይ ነበር የሚያመላልሱት። በጋሪ።»

ማንም ያንን አልጠየቃቸውም። ሥራቸውን የካዱት በራሳቸው ፈቃድ ነበር፤ የልጃቸው ውሸት ብርድ እንዳይመታው የራሳቸውን ካፖርት አውልቀው አለበሱት። ፕሮፌሰር ኒንግ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። ሱፈን የአባቷን እጆች አየች፤ ጉልበታቸው ላይ እንደ ተቀጣ ተማሪ እጅ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ብዙ አፍራ ታውቃለች። በእሳቸው ነበር የምታፍረው። ያን ቀን ግን ሐፍረቱ ዞሮ እሷን ያዛት፤ ያዛትና የምትቆምበት መሬት አሳጣት።

ፕሮፌሰሯ አመስግነው ወጡ። ሱፈን ጫማዋን ሳታጠብቅ ተከተለች። ቅያሱ አፍ ላይ፣ ስኳር ድንች በሚጠብሰው ሰውዬ በርሜል አጠገብ ደረሰችባቸው።

«ፕሮፌሰር፣ ውሸት ነው።»

«ምኑ?»

«አበባው። አባቴ እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። እሱ ዛሬ ከእርስዎ ነው የሰማው።»

«ታዲያ ለምን አዎ አሉኝ?»

«እኔ እንዳላፍር ብሎ።»

«እህቴ፣ ወይ ግዢ ወይ ገበያዬን ልቀቂልኝ» አለ ባለ ስኳር ድንቹ።

ፕሮፌሰር ኒንግ አልሰሙትም። «ስሙ ከምን መጣ ታዲያ?»

ሱፈን የቅያሱን ስም ጠራች። ጣል አደረገችው፤ ትልቅ ሰው ከሆነች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በቀን ብርሃን፣ በመንገድ ላይ። «የአያቴ ሥራ ነበር። የአባቴም።»

ባለ ስኳር ድንቹ ከት ብሎ ሳቀ። «ይህንን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?»

ፕሮፌሰሯ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። መነጽራቸውን አውልቀው በሻርባቸው ጫፍ ጠረጉ። «ዘንድሮ ለፈተና አትቀርቢም» አሉ። «ያ ምዕራፍ ከሥሩ ይነሳል። ሰሌዳውም ይቆያል። እኔን ማታለልሽን ልተወው። ግን እኒያን ሰውዬ...» አልጨረሱትም። ጥለዋት ሄዱ።

ቤት ስትመለስ ኑድሉ ረግቶ ተጣብቋል። አባቷ አልነኩትም።

«የት ሄደሽ ነው?»

«ነገርኳቸው፣ አባዬ።»

«ምኑን?»

«እውነቱን።»

ጋሽ ደሹን ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ቤቴ፣ በእንግዳ ፊት፣ የሞተ አባቴን የሻይ ሰው አደረግኩት። ለማን ብዬ ነው?»

«ለኔ ብለህ።»

«አንቺ ደግሞ ሮጠሽ አባቴ ዋሽቶዎታል አልሻቸው።»

«ውሸታሟ እኔ ነኝ ነው ያልኩት!»

«ያንቺ ወረቀት ነው፣ ይቀደዳል። እኔ በአፌ ነው የተናገርኩት። የኔን ምን ታደርጊዋለሽ?»

ሱፈን ሳህኑን አነሳች። ያ የብርድ ክረምት በዚያ ቤት እንደ ከሰል ጢስ ነበር፤ አይታይም፣ ግን ያፍናል። ስለ ምድጃው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ጎመኑ ይነጋገራሉ፤ ከዚያ አያልፉም። እትዬ ሺንግ እንኳ ቀልዷን በር ላይ ትታ ነበር የምትገባው። ሱፈን ምዕራፉን እንደገና ጻፈችው፤ «ይባላል» የሚለው ቃል የት የት እንደጠፋ በተራ አሳየች። ጽሑፉ ግን አንድ ነገር ጎደለው። ይህን አውቃለሁ የሚል የሰው ቃል የለውም። አባቷን መጠየቅ ደግሞ አልቻለችም። በምን ፊቷ?

በጸደይ፣ የባሕር ዛፍ ዘመድ የሚመስሉት ረጃጅም ዛፎቻችን ነጭ ጥጣቸውን በቅያሱ ሲበትኑ፣ ፕሮፌሰር ኒንግ ተመልሰው መጡ፤ አሁን ግን አስቀድመው አስነግረው። ጋሽ ደሹን በክብር ተቀበሏቸው፤ ሻይ ራሳቸው ቀዱላቸው። የስሙ ጥያቄ ሲመጣ ግን ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ልጄን ይጠይቋት። የተማረችው እሷ ናት።»

ሱፈንም ተናገረች። አባቷ ፊት፣ ለአባቷ ጀርባ። የአያቷን ከሻንዶንግ በእግር መምጣት፣ ማስጫውን ሜዳ፣ በርሜሉ ትከሻ ላይ የሚተወውን ጠባሳ፣ ልጆቹ የሚዘፍኑትን ዜማ። ከዚያ ማንም ያልጠየቃትን ጀመረች፦

«አንድ ቀን ዝናብ ጣለ። አባቴ በሥራ ልብሱ ትምህርት ቤት በር ላይ ጃንጥላ ይዞ ቆሞ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ስወጣ አንዷ ‹ያ ሰውዬ ማነው፣ ይጠራሻል› አለችኝ። እኔም አላውቀውም አልኳት። እሱ ይሰማል። እየሰማኝ ነው...»

«እሱን አይጻፉት» አሉ ጋሽ ደሹን፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

የፕሮፌሰሯ ብዕር ቆመ።

«የቅያሱ ታሪክ አይደለም እሱ። ልጅ ነበረች።»

ሱፈን አንገቷን ደፋች። ፕሮፌሰር ኒንግም አልጻፉትም።