ትምህርት ቤቱ በር ላይ የነበረው ጉብታ

ዱራሜ ሳስተምር ትምህርት ቤታችን ዋናው መንገድ ዳር ነበር። ሕፃናቱ ሲለቀቁ ግር ብለው ይወጣሉ፤ ሾፌሮቹ ደግሞ ቁልቁለቱን ሲያገኙ ፍሬን የሚባል ነገር መኖሩን ይረሱታል። አንዲት ተማሪዬን መኪና ገጭቶ እግሯን ሰበራት። ለቀበሌው አመለከትን፣ ተመላለስን፣ ሰለቸን። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ እኛው መምህራን ድንጋይ ደርድረን፣ ቀይ አፈር ደልድለን በመንገዱ ወርድ ጉብታ ሠራን። ትላልቁን ድንጋይ የተሸከመው ሊጠይቀኝ ከገጠር የመጣው ታናሽ ወንድሜ ነበር። እውነቴን ነው፣ በዕድሜዬ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ የለም። መኪናው ሁሉ እዚያ ሲደርስ እንደ ነፍሰ ጡር ቀስ ይል ነበር።

ጉዱ የመጣው ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች ሲታፈሱ ነው። ከሺንሺቾ ምልምሎች የጫነ ኦራል ጉብታው ላይ ሲንፏቀቅ ሁለቱ ዘለው እንሰት ውስጥ ገቡ፤ በዚያው ጠፉ። በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ።

«ጓድ መምህር፣ የሠራችሁት እናንተ፣ የምታፈርሱትም እናንተ» አለኝ።

ስለ ልጅቷ እግር ልነግረው አስቤ «እሺ ጓድ» አልኩት። ፈሪ ነኝ፣ ምን ልበል? ቆሞ ያየኝ ስለነበር ከሁሉም ቀድሜ አካፋ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለምሳ ሳንወጣ መንገዱ ልሙጥ ሆነ።

ሳምንት ሳይሞላ ወንድሜ ሀደሮ ገበያ ላይ ታፈሰ። ነገ ጠዋት በዱራሜ ያልፋሉ ሲባል እናቴ ቆጮ ጋግራ፣ በጋቢው ጠቅልላ ከገጠር መጣች። ቀጥ ብላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ጉብታችሁ የት ሄደ?» አለችኝ በከምባትኛ።

«ዝናብ ወሰደው» አልኳት።

«ቢሆንም ተማሪ ስላለ ቀስ ይላሉ፤ አቀብለዋለሁ» አለች።

ኦራሉ ቁልቁለቱን እየተምዘገዘገ መጣ። ወንድሜ ከኋላ ጫፍ ላይ ነበር፤ ጠርዙን ይዞ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ሊዘል የተዘጋጀ ሰው። ጉብታውን እየጠበቀ ነበር። መኪናው ሳይነጥር ሲያልፍ መንገዱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እናቴ ጥቅልሉን እንደያዘች እየጮኸች ተከተለችው፤ አቧራው ውስጥ ወደቀች።

ወንድሜ አልተመለሰም። የፈሪ እናት አታለቅስም ይላል ያገሬ ሰው። የእኔ እናት እስክትሞት አለቀሰች፤ እኔም እስክትሞት ዝናብ ነው እንዳልኳት ቀረሁ።