ሁለቱም ጎማ አብሮ ሲዞር

መካኒኩ ለፒክአፕ የኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያከፋፍለውን ዲፈረንሻል ሲያስመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጭነቱ ነው። አሸዋ የሚሉት አሉ፣ ከብት የሚሉት አሉ። ጥቁር ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈው ሰውዬ ግን ጠዋት ሲመጣ፣ «አንድ ሰው፤ ፍራሽ ላይ የተኛ» አለው።

መካኒኩ ልብ አላለውም። ሊሚትድ ስሊፕ የሚባለውን ዲፈረንሻል ሁለት ዓይነት ጠረጴዛው ላይ ደረደረና አፉ እንደለመደው ጠንካራውን አሞገሰ። «ይኼ ከገባ፣ አንዱ የኋላ ጎማ ጭቃ ላይ ቢንሸራተት ሌላው ቆሞ አያይም፤ ይስባል። ከየትኛውም ማጥ ያወጣዎታል፣ ጋሼ።»

ሰውዬው ሥራው እስኪያልቅ ከመኪናዋ አጠገብ ንቅንቅ አላለም። መካኒኩ የጭነት ቦታው ላይ የደረቀውን ጭቃ ሊያጥብለት ሲል፣ «ተወው ልጄ፤ የኔ ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው» አለው። በጭቃው መሀል ፍራሽ የሚያህል ንጹሕ ቦታ ነበር። መካኒኩ ያኔ ገባው።

በመጨረሻ የመኪናዋን የኋላ ክፍል በክሪክ አንስቶ አንዱን ጎማ በእጁ ሲያዞረው ሌላውም አብሮ ዞረ። ሰውዬው ቁጢጥ አለና ራሱ ያዞረው ጀመር።

«ያን ቀን ጭቃው ሲይዘኝ ይኼ ቢኖረኝ ባለቤቴን ሐኪም ቤት አደርሳት ነበር?»

መካኒኩ እስከዚያች ሰዓት ስለ ዕቃ ዋሽቶ አያውቅም ነበር። «አያደርሱም ነበር፣ ጋሼ። እንዲያ ካለ ጭቃ ይኼም አያወጣም።»

ሰውዬው ቀና አላለም።

«ጠዋት ያወጣል ብለኸኝ ነበር እኮ» አለና ጎማውን ማዞሩን ቀጠለ።